ዕዳ ይቅደም ወይስ ቋት?

ነሐሴ 30 የሚገባ ደመወዝ ከሌላው ወር ደመወዝ ይልቅ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። መጠኑ ያው ነው፤ የሚሸፍነው ግን 30 ቀን ሳይሆን 35 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱም 36 ይሆናል። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ግን አላት። በዚያ ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የዘመን መለወጫ ዶሮ፣ እሱ ሳይረሳ ደግሞ የመስቀል ሥጋ ይደራረባሉ። አምና በዚህ ሰሞን ነው በመሥሪያ ቤታችን በምሳ ሰዓት አንድ ክርክር ተነሥቶ እስካሁን ያልበረደው።

ነገሩን ያስነሣችው ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን ናት። ከሠራተኛው የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረችው፣ ከእህቷ የወሰደችው፣ በሰፈሯ ሱቅ በዱቤ የተያዘባት ተደማምሮ ሲያስጨንቃት ከርሟል። ባንክ ያለቻትን ትንሽ ተቀማጭ አሟጥጣ አውጥታ ዕዳዋን ልትከፍልበት መቁረጧን ነገረችን። የንብረት ክፍሉ ባልደረባችን ሊጎርስ ያነሣውን እጁን መለሰው። «ተይ እንጂ! ባዶ እጅሽን ጳጉሜንን ልትሻገሪ ነው? መጀመሪያ ቋትሽ ይሙላ፤ ዕዳው የትም አይሄድ» አላት። እሷም «የትም ስለማይሄድ እኮ ነው የምከፍለው» አለችው።

ሁሉም ሳቀ። ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ዕዳ የሌለበት ሰው አልነበረምና።

የእሷን ወገን ላስቀድም። የሒሳብ ሰው ናትና መጀመሪያ ያመጣችው ቁጥር ነው። ባንኮች ለተራ ቁጠባ እንዲከፍሉ የታዘዙት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ 7 በመቶ ነው፤ አብዛኛው ተራ አስቀማጭም ከዚያ ብዙ ፈቅ ያለ አያገኝም። ብድር ግን ከእጥፍ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። 10 ሺህ ብር ባንክ አስቀምጦ በሌላ በኩል 10 ሺህ ብር በ17 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመቱ 700 ብር ተቀብሎ 1,700 ብር ይከፍላል። አንድ ሺህ ብሩን የከፈለው «ገንዘብ አለኝ» ለማለት ብቻ ነው። በእሷ አነጋገር፣ የገዛ ጉድጓድህን ውሃ ለሰው ሰጥተህ መልሰህ በጆግ መግዛት ነው።

የአራጣ ዕዳ ከሆነማ ክርክሩ ያበቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ እንዳይስማሙ ከልክሏል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ይሁን እንጂ የቸገረው ሰው ሕግ አያገላብጥም። በወር 10 በመቶ ሲሉት «አሥር ብቻ?» ብሎ ይቀበላል። በዓመት ሲሰላ፣ ወለዱ ራሱ ወለድ ሳይወልድ እንኳ፣ 120 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ አንገቱ ላይ እያለ ባንክ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ቆጠበ አይባልም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የነካኝ ግን ስለ ዱቤው ያለችው ነው። በየሱቁ መስኮት «ዱቤ ዱብ ዕዳ ያመጣል» የሚል ጽሑፍ እናያለን፤ ቀልድ ይመስለናል እንጂ «ዱብ ዕዳ» የሚለው ቃላችን ራሱ ዕዳን በጉያው ይዟል። የዱቤ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም። ዘይቱ እዚህ ሱቅ በውድ፣ እዚያ በርካሽ መሸጡን ቢያውቅም ርካሹ ጋ የሚሄድበት ጥሬ ገንዘብ የለውም። የእሁድ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ከሱቁ ዋጋ ቢቀንስም ለእሱ ከሰማይ የራቀ ነው። ዱቤ ወለድ የለውም እንላለን፤ ወለዱ ግን በየኪሎው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጓል። «ዱቤዬን የዘጋሁ ቀን» አለች፣ «ደመወዝ የተጨመረልኝ ያህል ነው የሚሰማኝ።» ደግሞም ዕዳ ያለበት ሰው መንገድ ይመርጣል፤ ባለሱቁ ደጅ የተቀመጠ እንደሆነ በጀርባ በኩል ዞሮ ይገባል። ይህን የትኛውም የወለድ ስሌት አይቆጥረውም።

የንብረት ክፍሉ ሰው ይህን ሁሉ አይክድም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከዚያስ? ዕዳሽን ሰኞ ከፍለሽ ማክሰኞ ልጅሽ ታመመች እንበል። ሐኪም ቤት መያዣ ይጠይቃል፤ መድኃኒት በዱቤ የለም። ትላንት የከፈልሽውን ሰው ዛሬ «መልሰህ አበድረኝ» ትይዋለሽ? ቋት የሌለው ሰው ዕዳ አይጨርስም፤ አበዳሪ ይቀያይራል እንጂ። አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይከፈትበታል፤ አዲሱ ደግሞ በጭንቀት ሰዓት የተወሰደ ስለሆነ ሁልጊዜ ከአሮጌው የከፋ ነው። አራጣ ቤት ማንም ሰው አስቦበትና ተዘጋጅቶ አይሄድም፤ ሌሊት ተነሥቶ ነው የሚሄደው።

አንድ ሌላ ነገርም ጨመረ። የባንክ በር እንደ ወንፊት ነው፤ አንዴ የጠበበ ቀን ማንንም አያሳልፍም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያስቀምጥ፣ ለትልልቆቹ ነጋዴዎችም ያልበቃ ብድር ለደመወዝተኛ ሊተርፍ አልቻለም። ብድርን ቀድሞ መክፈል ማለት በእጅ የነበረን ገንዘብ ተመልሶ ሊገኝ ከማይችልበት ቦታ ማስገባት ነው። ወለዱ የተረፈለት ሰው ገንዘቡ አጥሮት ከተቸገረ ምን አተረፈ?

እስካሁን ያለው በየትኛውም አገር ሊነሣ የሚችል ክርክር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግረው ተገረመ። እዚያ የክሬዲት ካርድ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ከ3 በመቶ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ «ካርድህን ዝጋ፣ ከዚያ ቆጥብ» የሚለው ምክር እዚያ ብዙም አያወዛግብም፤ የሚከራከሩት ትንሹ ዕዳ ይቅደም ወይስ ወለዱ ትልቁ በሚለው ላይ ነው። ይህ ምክር ተተርጉሞ በየቪዲዮው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ይጥላል፤ ብሩ ራሱ የማይረጋ መሆኑን።

በ2014 የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ነገሩ በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል እንየው። ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ሲጨምር በ10 ሺህ ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ ከሦስት ዓመት በኋላ 22 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ያንኑ 10 ሺህ ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በሦስት ዓመቱ 12,250 ብር ያገኛል። ቁጥሩ አድጓል፤ ዕቃው ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ቋት ይቅደም ለሚለው ወገን ትልቅ ዱላ ነው፤ የሚያጠራቅመው እህል በነቀዝ እየተበላ ነውና።

ዱላው ግን በሁለት በኩል ይመታል። በዚያው ዘመን 17 በመቶ እየከፈለ የተበደረ ሰው በእውነተኛ ዋጋ ሲሰላ የመለሰው ከወሰደው ያነሰ ነው። በባንክ ብድር ቤት የሠሩ፣ መኪና የገዙ ሰዎች የከበሩበት ምሥጢርም ይኸው ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው ይህን ሲያነሣ ዓይኑ በራ፦ «ዕዳ በንረት ጊዜ እንደ በረዶ ነው፤ ተቀምጠሽ ብታይው ይቀልጣል። ምን አስቸኮለሽ?»

ሒሳብ ሠራተኛዋ የመለሰችለት መልስ የሙያዋን ያህል ነው። «የሚቀልጠው ደመወዝህ ከዋጋው ጋር አብሮ ሲያድግ ነው። የነጋዴ ዕዳ ይቀልጣል፤ ዕቃው ዋጋው ሲጨምር ብሩም ይጨምርለታልና። የአንተ ደመወዝ ስንት ዓመት ቆሞ ነበር? ጤፉ እጥፍ ሲሆን ለዕዳ ይተርፍህ የነበረውን እሱ በላብህ። ዕዳው አልቀለጠም፤ አቅምህ ነው የቀለጠው።» እውነቷን ነው። ወርኃዊው ክፍያ 2 ሺህ ብር ሆኖ ሳይነቃነቅ ቢቆይም፣ አስቤዛው ከ4 ሺህ ወደ 9 ሺህ ለወጣበት ቤት ያ 2 ሺህ ብር ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው የሚሄደው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል፤ በ2017 መጨረሻ የዓመቱ ንረት ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። በ17 በመቶ የተበደረ ሰው እንደገና እውነተኛ ወለድ መክፈል ጀምሯል ማለት ነው። የትናንቱን ንረት ተማምኖ ዛሬ የሚበደር ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃንጥላ ገዝቷል።

ስለዚህ በቁጥር ብቻ የሄድን እንደሆነ ከሁለቱ ወገኖች ማንም አያሸንፍም፤ የዕዳው ስሌት በንረቱ፣ የቁጠባውም ስሌት በዚያው በንረቱ ይፈርሳል። እኔ ወደ አንዱ ያዘነበልኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን ለመንገር የራሴን ጉድ ማውጣት ግድ ይለኛል።

በ2011 ቤት ስቀይር የቅድሚያ ክፍያ አጠረኝና ከአክስቴ 20 ሺህ ብር ተበደርኩ። ወረቀት አልተጻፈም። ሕጉ ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም ቢልም፣ አክስቱን «ፈርሙልኝ፣ ልፈርምልዎ» የሚል ሰው አላየሁም። «ስታገኝ ትመልሳለህ» አለችኝ። ያኔ ያ ብር ስድስት ኩንታል ጤፍ ገደማ ይገዛ ነበር። በየወሩ እከፍላለሁ እያልኩ መጀመሪያ የባንኩን፣ ቀጥሎ የማኅበሩን አስቀደምኩ፤ እነሱ ከደመወዜ ቀጥታ ይቆርጣሉ፣ አክስቴ አትቆርጥም። በዚያ ላይ እኔም እንደ ባልደረባዬ «ዕዳ ይቀልጣል» የሚለውን ሰምቻለሁ። በ2015 ሙሉውን 20 ሺህ ብር በፖስታ አሽጌ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ፤ ቆጠረችው፤ «ተባረክ» አለችኝ፤ ቡና አፈላችልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ነው አውቶቡስ ውስጥ የገባኝ፦ ያ ብር ያን ቀን ሁለት ኩንታል ይገዛ እንደሆነ ነው።

የሕጉ ዓይን የሚያየው የብሩን ቁጥር ነው፤ በዚያ መሠረት ከዕዳዬ ነጻ ነኝ። ነገር ግን ንረት ገንዘብን አያጠፋውም፤ ከአበዳሪ ኪስ አውጥቶ ተበዳሪ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። አበዳሪው ትልቅ ባንክ ሲሆን «ጠቀመኝ» ብሎ ዝም ማለት ይቻል ይሆናል። አበዳሪው ጡረታ የወጣች አክስትህ ስትሆን ግን የአራት ኩንታል ጤፍ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። የንብረት ክፍሉ ሰው «የትም አይሄድ» ያለው ዕዳ፣ የዘመድ ዕዳ ከሆነ፣ በየወሩ ከዘመዱ ጎተራ እየሾለከ ነው።

ውጭ አገር ያለ ወንድም ያበደረው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። «አንድ ሺህ ዶላር ላክልኝና እመልሳለሁ» ብሎ የተበደረ ሰው የሚመልሰው 57 ሺህ ነው ወይስ ከመቶ ሺህ በላይ? ሁለቱም «እውነት ከእኔ ጋር ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቤተሰብ ሲጣላ ያየሁት በወለድ ሳይሆን በዚህ ነው። ሲበደሩ አንድ ቃል፣ «በብር ነው በዶላር?» የሚል፣ ብዙ ኩርፊያ ባስቀረ ነበር።

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። ክርክሩ ሲጋጋል አንዲት ታላቃችን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ «እናንተ ልጆች ዕቁብ የምትባል ነገር አታውቁም?» አሉ። ዕቁብ በእርግጥም ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ገመድ የሚያስር ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 3 ሺህ ብር ይጥላል እንበል፤ ዕጣው 36 ሺህ ብር ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ የመጨረሻው ሰው ያለ ወለድ ቆጠበ። ያው ዕቁብ ለአንዱ ዕዳ፣ ለሌላው ቋት ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው የአራጣውን ወይም የዱቤውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ዘግቶ ቀሪውን ወለድ በሌለው ክፍያ ሊጨርስ ይችላል፤ ይህን የሚያህል ብልሃት ባንክ ቤት አላየሁም። ለዚህ ነው የቸኮለው ለዳኛው ነግሮ፣ ወይም ተራውን ከደረሰው ሰው ገዝቶ፣ ወደፊት ለመምጣት የሚጥረው።

ይሁንና መዝገብ ቤት ኃላፊዋ ያልነገሩን ነገር አለ። የመጨረሻውን ዕጣ የሚያገኘው ሰው በንረት ጊዜ የሌሎቹን ወለድ ከፋይ ነው፤ 7 በመቶዋ እንኳ የለችውም። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ የተቀማጭ መድን ፈንድ ዋስትና አለው፤ የዕቁብ ዋስትና የዋሱ ፊትና የሰዉ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታው ደግሞ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንድ በኩል በራሳችን መቆጠብ የማንችለውን ሰዎች ያስቆጥበናል፤ ባንክ ማስገባትን ለሚቀጥለው ወር ማሳለፍ ይቻላል፣ ዕቁብ ግን አይታለፍም። በሌላ በኩል አስቸጋሪ ወር ሲመጣ ከልጅ ምሳ ተቀንሶ ይጣላል፤ የማይቀነስ ወጪ ነውና። ገቢው በየወሩ የሚዋዥቅ ሰው፣ የግንባታ ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴዋ፣ ትልቅ ዕቁብ ውስጥ ከገቡ ቋት ሳይሆን ሌላ አበዳሪ ነው የገዙት። ለእነሱ የሳምንቱ፣ የዕለቱ ትንሽ ዕቁብ ይሻላል።

የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበርም ከዕቁብ ብዙ አይርቅም፤ በአገራችን በ1950ዎቹ የአየር መንገድ ሠራተኞች ጀምረውት ነው የተስፋፋው። ጥሩነቱ ከደመወዝ ቀጥታ መቆረጡ ነው፤ እጅ ያላየው ገንዘብ አይጓጓለትምና። ክፉነቱም ያው ነው፤ የእኔን አክስት ወደ ኋላ የገፋት ይኸው መቆረጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለአሠሪዎች ነው፤ ግን ለራሳችን የቤት በጀትም ባናስበው ይቆጨናል። ዕዳና ዕቁብ ተደምረው ሲሶውን ካለፉ፣ ቀሪው ሁለት እጅ የቤት ኪራይና አስቤዛ ላይሸፍን ይችላል፤ ያኔ ዱቤው ይመለሳል።

በስልክ የሚገኙት አዳዲስ ብድሮች፣ በ2014 መጨረሻ የመጡት ቴሌብር መላና እንደኪሴ ዓይነቶቹ፣ የአራጣ ቤቱን የሌሊት ጉዞ አስቀርተዋል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ክፍያቸውን በወር ሳይሆን በዓመት እያሰቡ ማየት ይበጃል። በ1,000 ብር ላይ ለአንድ ወር 50 ብር ቢጠየቅ ማንም አይደነግጥም፤ በዓመት 60 በመቶ ነው። ለአንድ ቀን ለታክሲ ከሆነ ይሁን፤ በየወሩ እያንከባለሉ ከሆነ ግን ስሙ ይለወጣል። ወለድ በሃይማኖቱ ያልተፈቀደለት ወገናችን ደግሞ ይህን ሁሉ ስሌት አይሰማም፤ ለእሱ ቁጠባም ብድርም ወለድ አልባ መሆን አለበት፤ ከ2013 ጀምሮ ዘምዘምን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ባንኮች ተከፍተውለታል።

በጀት፣ በጀት ይባላል። የንብረት ክፍሉ ሰው ደብተር ይይዛል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ይገርማል፣ አትይዝም፤ «የቢሮውን ሒሳብ ስሠራ ውዬ ቤቴ ስገባ እስክሪብቶ ማየት አልፈልግም» ትላለች። ደብተር ተአምር አይሠራም። ገቢው ኪራይና አስቤዛን የማይሸፍን ሰው ወጪውን ቢጽፈው ረኃቡን በመስመር አሰለፈው እንጂ ሌላ ምን አደረገ? ለእንዲህ ያለ ሰው «ማኪያቶህን ቀንስ» የሚሉ መካሪዎች ያናድዱኛል። ጥቂት ለሚተርፈው ግን ደብተሩ አንድ ነገር ያሳያል፤ ወጪያችን ድንገተኛ የሚመስለን ድንገተኛ አለመሆኑን። የመስከረም ምዝገባ ድንገተኛ አይደለም። የገና፣ የፋሲካ፣ የዒድ ወጪ ድንገተኛ አይደለም። ሐዘንም፣ ቀኑ ባይታወቅም፣ እድር ስላለን ግማሹ ተከፍሏል። ጳጉሜንማ ከተፈጠረች ጀምሮ አልቀረችም! በየወሩ ለእሷ የአንድ ቀን ያህል አስቤዛ ያስቀመጠ ሰው መስከረምን በዱቤ አይቀበልም።

ቋቱ ደግሞ በብር ብቻ መሆን የለበትም። እናቶቻችን ከአዝመራ በኋላ፣ ጤፍ ረከስ ሲል በጥር ገደማ፣ የመንፈቁን ገዝተው ያስቀምጡ ነበር፤ በርበሬና ሽሮውም እንዲሁ። ያኔ «የድሮ ሰው ልማድ» ብለን ሳቅንባቸው። በንረት ዘመን ጓዳ ውስጥ ያለ ኩንታል ጤፍ 7 በመቶ ከሚወልድ ብር ይሻላል። የታመመ ልጅ ግን በጤፍ አይታከምም፤ ኩንታሉን በጭንቅ ቀን የሚሸጥ ሰውም በርካሽ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ሳይኖር የጓዳው እህል ብቻውን ቋት አይሆንም።

እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም ባልደረቦቼን ግማሽ ግማሽ እሰማለሁ። አራጣ ካለ እሱ ከሁሉ ይቅደም፤ ዕቁብ ወጥቶም ሆነ ወርቅ ተሽጦ። ከዚያ የአንድ ወር አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ፣ በወለዱ ሳልጓጓ፣ ከደመወዝ ሒሳቤ በተለየ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ በዚህ የንብረት ክፍሉን ሰው አምነዋለሁ። ቀጥሎ ዱቤውን፣ ቀጥሎ የዘመድን ዕዳ እከፍላለሁ፤ የባንኩንና የማኅበሩን በወሩ በወሩ እንጂ ቀድሜ አልከፍልም። በወለድ ተራ ከሄድን ይህ ስሕተት ነው፤ ወለድ የሌለበትን አስቀድሞ ወለድ ያለበትን ማቆየት ሒሳብ ሠራተኛዋን ያስቃታል። እሷ ዘንድ የሚቀድመው 17 በመቶው ነው፤ አትሳሳትም፤ በተለይ ንረቱ በወረደበት በዚህ ዓመት። እኔ የማየው ሌላ ነው። ባንክ ራሱን የሚጠብቅበት ወለድ አለው፣ መያዣ አለው፣ ጠበቃ አለው። አክስቴ ያላት «ስታገኝ» የምትል ቃል ብቻ ናት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ያን ቀን ወጥታ የዱቤውን ዘጋች፤ ከእህቷ ዕዳ ግማሹን ከፈለች፤ ከተቀማጯ ጥቂቷን ተወቻት። የንብረት ክፍሉ ሰው «አየሽ፣ ተስማማሽ» ሲላት «አልተስማማሁም፣ ባንክ ቤቱ ተዘጋብኝ እንጂ» አለችው። አሁንም ይከራከራሉ።

እኔ ባለፈው ጥር ጤፍ ስገዛ አንድ ኩንታል ጨምሬ ለአክስቴ አስጫንኩላት። ስለ 2011 ዕዳ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ማታ ደወለችልኝ። ጤፉ ንጹሕ መሆኑን፣ የቤት ሠራተኛዋ አበጥራው ብዙ ገለባ እንዳልወጣው አወራችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይኼ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ?» አለችኝ።

ምን እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ።

«ስጦታ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ዕዳ ከሆነ ግን ገና ሦስት ይቀርሃል።»